ሰው ደግ ነው ክፉ? ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ሳምንት ይህን ሞክሩ

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀበና ቡና እየጠጣን አራት ጓደኛሞች ተጨቃጨቅን። ነገሩ የተነሳው ከአንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ከመካከላችን አንዷ ጠዋት ስልኳን ባጃጅ ውስጥ ረስታ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ልጁ ራሱ ፈልጎ አምጥቶ ሰጣት። አንደኛው ጓደኛችን «አያችሁ? ሰው በተፈጥሮው ደግ ነው» አለ። ሌላው ሳቀበት። «ስልኩ የተቆለፈ ስለሆነ ነዋ! ምን ያደርግለታል?» ከዚያ ተረቱ ወረደ። አንዱ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ሲል ሌላው «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላል። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ማንም ሐሳቡን አልቀየረም። የቡናውን ማን ይክፈል ሲባል ደግሞ ሌላ ክርክር ተጀመረ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው የገረመኝ ሁለቱም ተረት የኛው መሆኑ ነው። አያቶቻችን ሁለቱንም ብለዋል፣ በየቀኑ ሁለቱንም እውነት ሆኖ አግኝተውታል። ታዲያ ደግ ነው ክፉ ብሎ መጨቃጨቅ የትም አያደርስም። ደግነቱም ክፋቱም መቼ ነው የሚነሳብን? ያ «ልክ ነው፣ ልክ አይደለም» የሚለው ስሜት ራሱ ከየት መጣ? ይህ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይገኝም።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ሐዋሳ ውስጥ ራሴን የፈተሽኩበት መንገድ ነው። የሚያስፈልገው ደብተር፣ 200 ብር፣ ቶሎ የማይኮራረፉ ሦስት ጓደኞች እና ምግብ ያልያዘ እጅ ነው (የመጨረሻው ለጦጣዎቹ ነው፣ እመጣበታለሁ)። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

«ግብረገብ ከፈጣሪ ነው፣ ምን ጦጣ ታሳየኛለህ?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አልጣላውም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ሕጉ በልብ ላይ ስለመጻፉ ያነሳል፤ ሙስሊም ጓደኞቼ ደግሞ ፊጥራ የሚሉት ነገር አለ፣ ሰው ይዞት የሚወለደው ተፈጥሮ። በልብ ላይ ከተጻፈ ልብን ገልጦ ማንበብ ክልክል አይመስለኝም።

ደብተሩን ያዙ

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም አታንብቡ። «ይሄማ ልክ አይደለም!» ብላችሁ ውስጣችሁ ሲግል ደብተሩን አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። ምን ሆነ? ሰውነቴ ላይ ምን ተሰማኝ? ምክንያቴ ምንድን ነው? ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ፣ ምክንያቱ መጨረሻ ይሁን።

የኔ የመጀመሪያ ቀን ማስታወሻ እንዲህ ይላል። «መናኸሪያ ሰልፍ ላይ አንድ ሰውዬ ከፊቴ ገባ። ጆሮዬ ጋለ። ምክንያት፦...» እዚህ ጋ ቆምኩ። አልቸኮልኩም ነበር። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው የወሰደብኝ። ከኋላዬ ላሉት ተቆርቁሬ ነው እንዳልል ስለነሱ ያሰብኩት አሁን፣ ምክንያት ስፈልግ ነው። ፍርዱ ቀድሞ ደርሷል፣ ምክንያቱ ገና ልብሱን እየለበሰ ነው።

እናንተም ደጋግማችሁ ይህን ታገኛላችሁ። ጆናታን ሃይት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ2001 የተከራከረው በዚህ ነው። ፍርዳችን በአብዛኛው በቅጽበት ከስሜት ይወጣል፣ ምክንያት ደግሞ እንደ ጠበቃ ኋላ መጥቶ ደንበኛውን ይከላከላል። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምም በ1730ዎቹ መጨረሻ ወደዚሁ የቀረበ ነገር ብሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጻፋችሁትን ለዩ። አማርኛችን እዚህ ላይ ሀብታም ነው። ወንጀል አለ፣ ኃጢአት አለ፣ ነውር አለ፣ ግፍ አለ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፣ ማንም ግን ግፍ ነው አይልም። የቤት ሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ግፍ ነው፣ ማንም ባያውቅም ግፍ ነው። የትኛው የት እንደሚገባ ካልለየላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ትልቅ ሰው ቢፈቅድስ? ደንቡ ባይኖርስ?»

ጥያቄው የኔ ፈጠራ አይደለም። ኤሊዮት ቱሪየል የሚባል ተመራማሪ ለልጆች እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ሲያቀርብ ኖሯል። ገና አራት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች ልዩነቱን ያውቁታል። ደንብ የሆነውን አስተማሪ ከፈቀደ ችግር የለም ይላሉ፤ መማታት ግን አስተማሪ ቢፈቅድም ልክ አይደለም። የእህቴን ልጅ ሞከርኩት፣ አምስት ዓመቱ ነው። «እማዬ በግራ እጅህ ብላ ብትልህስ?» «እበላለኋ።» «እማዬ ጓደኛህን ምታው ብትልህስ?» እንደ ደንቆሮ አየኝ። «ያመዋላ!»

ስለ ሕፃናት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ኢንተርኔት ላይ ስለሚበዛ። በ2007 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ6 እና የ10 ወር ሕፃናት ዳገት የሚወጣን አሻንጉሊት ከሚያደናቅፈው ይልቅ የሚረዳውን እንደሚመርጡ ጽፈው ነበር። ታሪኩ ልብ ይነካል። ነገር ግን በብዙ ላቦራቶሪዎች በጋራ ተሠርቶ በ2024 የወጣ ትልቅ ሙከራ ያንን ምርጫ አላገኘውም። በሕፃን አትማሉ ማለቴ ነው።

አሞራ ገደል ሂዱ

አሞራ ገደል ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የአሳ ገበያ ነው። ጠዋት ሂዱ፣ አሳ አጥማጆቹ ከሐይቁ ሲመለሱ። ሙዝም ኦቾሎኒም አትያዙ፣ ለጦጣም አትስጡ። ከሰጣችሁ የምታዩት ጦጣን ሳይሆን ለማኝን ነው፣ ደግሞም ይቀሟችኋል። ዛፍ ሥር ተቀመጡና አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ ማን ማንን ያካል? ማን ለማን ቅማል ይለቅማል? ለያንዳንዷ ጦጣ ምልክት ስጧት፣ ጅራቷ የተቆረጠ፣ ልጅ ያዘለች፣ እንዲህ እያላችሁ።

«እከክልኝ ልከክልህ» የምንለውን እዚያ ቃል በቃል ታዩታላችሁ። እኛ ለስድብ ነው የምንጠቀምበት፣ ለሙስና። ጦጣ ግን እንደዚያ ካልሆነ ጀርባዋን ማን ያይላታል? ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ የኛዎቹን ጦጣዎች የቅርብ ዘመዶች ያጠኑት ሮበርት ሴይፋርዝ እና ዶሮቲ ቼኒ በ1984 እንዳሳተሙት፣ ጦጣዎቹ የእርዳታ ጥሪ ድምፅ ሲሰሙ ዘመዳቸው ላልሆነችም ቢሆን በቅርቡ ያከከቻቸው ከሆነች ይበልጥ ጆሮ ይሰጣሉ። በዚያው ዓመት ጄራልድ ዊልኪንሰን ከኮስታሪካ ስለ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ጻፈ። ለሁለትና ሦስት ሌሊት ምግብ ያላገኘች ወፍ ትሞታለች፣ ስለዚህ የጠገበችው ካካበተችው ደም ተፍታ ታጎርሳታለች። ሮበርት ትሪቨርስ ደግሞ ከሁለቱም በፊት፣ በ1971፣ የሒሳቡን መንገድ አሳይቷል። ዛሬ የሚያስከፍለኝ እርዳታ ነገ የሚመለስልኝ ከሆነና አታላይን ለይቼ መተው ከቻልኩ፣ እንዲህ ያለ ጠባይ በትውልድ ውስጥ መቆየት ይችላል። ምስጋና፣ ጸጸት፣ ንዴት ሁሉ ለትሪቨርስ የዚህ ሒሳብ ያዦች ናቸው።

አማርኛ ደግሞ ሒሳቡን በቃል ይዞታል። ውለታ። ውለታ ቢስ። ብድር በምድር። ሰውየው ምንም ሳይበደር «ባለ ዕዳ ነኝ» የሚልበት አገር ነው።

ከጦጣዎቹ ወደ አሳ ገበያው ዞር ስትሉ አባ ኮዳዎቹ የአሳ ቁርጥራጭ ሲቀማሙ ታያላችሁ። እዚያ ውለታ የለም፣ ረጅም መንቁር ነው ያለው። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ማየት ለኔ ከብዙ መጽሐፍ በልጦብኛል። ተፈጥሮ ማለት ሁለቱም ነው።

አሞራ ገደል ሳላችሁ አሳ ሾርባ ጠጡ፣ ይህም የትምህርቱ አካል ነው። እኔ አንድ ቀን ጠጥቼ፣ ወድጄው፣ ከፍዬ ስወጣ አጠገቤ የነበረው ሰው በቅናሽ እንደጠጣ ሰማሁ። ያው ሾርባ ሆዴ ውስጥ መረረኝ! በ2003 ሳራ ብሮስናን እና ፍራንስ ደ ዋል ካፑቺን በሚባሉ ጦጣዎች ያዩት ነገር ይመስላል። ሁለት ጦጣዎች ጠጠር መልሰው ኪያር ይቀበላሉ፣ ደስ ብሏቸው። አንደኛዋ ወይን መቀበል ስትጀምር ሌላዋ ያንኑ ኪያር እምቢ ማለት ታበዛለች። ፍትሕ ጠይቃ ነው ወይስ ወይኑን አይታ የተሻለ ጠብቃ? ተመራማሪዎቹ ገና ይጣሉበታል። የኔ ሾርባም እንደዚያው ነው፣ ፍትሕ ይሁን ቅናት እስካሁን አልለየልኝም።

200 ብሩን አውጡ

ጓደኞቻችሁን ሰብስቡ። ብሩ እውነተኛ ይሁን፤ በምናብ ብር ሁሉም ቸር ነው። አንዱ አካፋይ፣ ሌላው ተቀባይ ይሆናል። አካፋዩ ከ200 ብሩ ስንት እንደሚሰጥ ይናገራል። ተቀባዩ እሺ ካለ ሁለቱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ድርድር የለም፣ አንዴ ብቻ ነው።

ፊት ለፊት ስንጫወተው ሁሉም «መቶ መቶ» አለ። አሰልቺ። ስለዚህ በወረቀት አድርጉት። አካፋዮች ስማቸውን ሳይጽፉ ቁጥር ይጻፉ፣ ሌላ ሰው ያደባልቀው፣ ተቀባዩ ከማን እንደመጣ አይወቅ። በወረቀት ሲሆን አንዱ ወገናችን 30 ብር ጻፈ። ተቀባይዋ ወረቀቱን አይታ ሳቀችና «እምቢ» አለች። 30 ብር ጥላ 170 ብር አቃጠለች ማለት ነው፣ ማን መሆኑን እንኳ ሳታውቅ። ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ሰው ቢሆን አምስት ብርም ከምንም ይሻላል ብሎ ይቀበል ነበር።

ጨዋታውን ጀርመናዊው ቬርነር ጉት እና ሁለት ባልደረቦቹ በ1982 ነው ያስተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተሞክሯል፤ ከአምስት አንድ እጅ በታች የሆነ ስጦታ በተደጋጋሚ ይጣላል። ጆሴፍ ሄንሪክ እና ጓደኞቹ በ2001 ያወጡት ውጤት ደግሞ ለኔ ትልቁ ነው። 15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሄደው አጫወቷቸው። የትም ቦታ ሰዎቹ እንደዚያ ጥቅሙን ብቻ እንደሚያሰላ ሰው አልሆኑም። ግን አንድ ዓይነትም አልነበሩም። ፔሩ ያሉት ማቺጌንጋዎች በአማካይ ሩብ ያህሉን ሰጡ፣ ተቀባዩም እምቢ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። ኢንዶኔዥያ ላማሌራ፣ በቡድን ወጥተው ዓሣ ነባሪ የሚያድኑት ደግሞ ከግማሽ በላይ ሰጡ። ጀልባው ያለ ሌላው ክንድ አይንቀሳቀስማ። መናደድ መቻሉ የሁላችን ይመስለኛል፣ ምን እንደሚያናድድ ግን ኑሮ ያስተምራል።

የእድራችሁን ደንብ ጠይቁ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ብዙ ያገኘሁት እዚህ ነው። የሰፈራችሁን እድር ዳኛ በአክብሮት ጠይቁና መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። በተለይ የቅጣቱን ክፍል።

ለምን? በ2000 ኤርንስት ፌር እና ሲሞን ጌሽተር ያሳተሙት ሙከራ አለ። አራት አራት ሰዎች ለጋራ ሣጥን ያዋጣሉ፣ የተዋጣው አድጎ ላዋጣውም ላላዋጣውም እኩል ይከፋፈላል። መጀመሪያ ሰው በደንብ ያዋጣል። ከዚያ አንዱ ሳያዋጣ ሲበላ ያያል፣ እሱም ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ሣጥኑ ባዶ ለመሆን ይቃረባል። ከኪሳቸው ከፍለው ያላዋጣውን መቅጣት ሲፈቀድላቸው ግን መዋጮው ይነሳል። ልብ በሉ፣ ቀጪው ራሱ ይከስራል። ያም ሆኖ ይቀጣል።

እድር ይህን ያውቃል። እኔ አንድ ጊዜ ቀብር ቀርቼ 50 ብር ተቀጥቻለሁ። ብሩ ምንም አልመሰለኝም። ስሜ በስብሰባ ሲነበብ ግን መሬት ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ዳኛችንን «ጋሼ፣ 50 ብር ምን ያስተምራል? ለምን አታበዙትም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ልናስተምርህ እንጂ ልናባርርህ አይደለም። ሁለተኛ ከቀረህ ይጨምራል» አሉኝ። በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ግጦሽና የመስኖ ውሃን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩ ሰዎችን አጥንታ ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ ቅጣት በትንሹ ጀምሮ እንደ ጥፋቱ ሲያድግ። ጋሼ ኦስትሮምን አላነበቡም።

ማንም ሳያይ

ይሉኝታን ተመልከቱት። ቃሉ ውስጥ «ይሉኛል» አለ። ሰው ምን ይለኛል ነው። ኅሊና ሌላ ነው፣ ማንም ባይኖርም ያወራል። የትኛው እንደሚገዛችሁ ለማወቅ አንድ በጎ ነገር አድርጉና ለማንም አትናገሩ። ፖስት አታድርጉ፣ ለሚስትም ለባልም። ቀላል ይመስላል። እኔ ጠዋት አድርጌ እስከ እራት አልደረስኩም፣ ምላሴ በላኝ።

በ2006 ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው በእምነት ገንዘብ የሚጥልበት ሣጥን በላይ አንድ ሳምንት የዓይን፣ አንድ ሳምንት የአበባ ፎቶ ለጠፉ። ዓይን በተለጠፈባቸው ሳምንታት ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ተከፈለ። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁልጊዜ ይህን አላገኙም፣ ስለዚህ ሱቃችሁ ውስጥ ዓይን ለጥፋችሁ ሒሳብ ያዥ አታባርሩ። የኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ግን ቅዱሳኑን ትልልቅ ሁለት ዓይን ሰጥተው ክፉዎቹን በጎን በአንድ ዓይን ሲስሉ የኖሩት፣ መታየት ምን እንደሚያደርግ ገብቷቸው ይመስለኛል።

ከስልካችሁ አሥር ስም ምረጡ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደውለው 10 ሺህ ብር ቢጠይቋችሁ ለማን ቀድማችሁ ትሰጣላችሁ? ደርድሯቸው። ከላይ ሥጋ ዘመድ ይበዛል። ዊልያም ሃሚልተን በ1964 ምክንያቱን በሒሳብ አስቀምጦታል፤ ወንድም ከኔ ጋር ግማሽ ያህል ዘር ይጋራል፣ የአጎት ልጅ አንድ ስምንተኛ፣ እርዳታም በዚያው ልክ ይቀላል። ዝርዝራችሁ ውስጥ ግን ዘመድ ያልሆነ ጎረቤት ላይ ወጥቶ ከሆነ አትገረሙ። እኛ ዘመድ በቃል እንሠራለን። ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ፣ የክርስትና ልጅ። የኔ ቢጤው ከቤተ ክርስቲያን በር «እናቶቼ፣ አባቶቼ» ሲል የቱን ገመድ እንደሚጎትት በደንብ ያውቃል።

ገመዱ በሌላም በኩል ይጎትታል። ሄንሪ ታጅፌል በ1971 ባወጣው ሥራ የእንግሊዝ ተማሪዎችን የማይረባ ምክንያት ሰጥቶ በሁለት ቡድን ከፈላቸው፣ ነጠብጣብ አብዝቶ የገመተና አሳንሶ የገመተ እያለ። ገንዘብ አድሉ ሲባሉ ለራሳቸው ወገን አደሉ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ። የሐዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና ጨዋታ ቀን ደብተራችሁን ይዛችሁ ግቡ። ያው ጥፋት በማን ተጫዋች ሲሠራ ጆሯችሁ እንደሚግል ጻፉ።

ለዚህ ነው «ተፈጥሮዬ ነው» የሚል ሰው የማያሳምነኝ። ማከኩም፣ መቀማቱም፣ ለወገን ማድላቱም ተፈጥሮ ነው። ከየት እንደመጣ ማወቅ ይዘነው እንሂድ ወይ እናስቀምጠው የሚለውን አይወስንልንም። ሂዩም ይህንንም ብሏል፤ «ነው» ከሚለው ብቻ ተነስቶ «ይገባል» ላይ አይደረስም።

ፍርዱን ከመዝጋታችሁ በፊት ስሙ

የመጨረሻው ቀን የሲዳማ ሽማግሌዎች ነው። እነሱ ዘንድ አፊኒ የሚባል አለ። «ሰምታችኋል ወይ?» እንደማለት ነው። ነገር ወደ ጉባኤ ሲመጣ ይነገራል፣ ይሰማል፣ ከዚያ ነው ፍርድ። የሚፈለገው ሀላሌ ነው፣ እውነት። ሃይትም እንደሚለው ሰው ብቻውን አስቦ ፍርዱን የሚቀይረው ከስንት አንዴ ነው፣ ሌላው ሲናገረው ግን ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ከደብተራችሁ በጣም ያናደዳችሁን አንድ ነገር ምረጡና ባለጉዳዩን ሄዳችሁ ጠይቁ። አትክሰሱ፣ ጠይቁ።

እኔ የመረጥኩት ያንን ባጃጅ ነጂ ነው። አራት ሰው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለ ልቡ ስንፈርድ ማናችንም አልጠየቅነውም ነበር። ጓደኛዬ ቁጥሩን ይዛ ስለነበር ደወልኩለት፣ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ ወሰደኝ። «ወንድሜ፣ ያን ስልክ ለምን መለስክ?» አልኩት። በመስታወቱ አየኝ፣ የሆነ ነገር የጠረጠርኩት ሳይመስለው አልቀረም።

«ኧረ ዝም ብሎ ይጮሃል! እማዬ ይላል፣ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። እናትየው ናት ብዬ... አላስቻለኝም በቃ።»

«ተቆልፎ ባይሆንስ? እናትየውም ባትደውልስ?»

ትንሽ አሰበ። «እሱን እንጃ» አለኝ። ፒያሳ ስንደርስ 50 ብር ተጨማሪ ጠየቀኝ፣ ወሬ ስላበዛሁበት መንገድ ዞሯል አለ።